ከመግቢያው ፈተና እስከ መውጫው ፈተና፦ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥራት የሚሠራው የት ነው?

ስለ አፍሪካ ከፍተኛ ትምህርት ፈተናዎችና ስለ ጥራቱ መሻሻል እንድናገር ስትጋብዙኝ ለርእሱ አንድ ምሽት እንደማይበቃው ሳታውቁት አልቀራችሁም። ስለዚህ ሁሉንም ነካ ነካ አድርጌ ከማልፍ አንድ ክርክር ይዤ መቆየት መርጫለሁ። ክርክሬ ይህ ነው፦ ላለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ግድም በአህጉራችን ስለ ጥራት የተደከመው ድካም በአብዛኛው ያረፈው በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይመረቅ፣ የትኛው ኮሌጅ ዕውቅና ይሰጠው፣ የትኛው ይነጠቅ የሚለው ብዙ አዋጅ፣ ብዙ መመሪያ፣ ብዙ ስብሰባ አግኝቷል። ተማሪው ከገባበት ቀን እስከሚወጣበት ቀን ባሉት ሦስት፣ አራትና አምስት ዓመታት በእርሱና በመምህሩ መካከል የሚካሄደው ሥራ ግን የረባ ጠያቂ አላገኘም። ጥራት የሚሠራውም የሚበላሸውም እዚያ መካከል ነው እላለሁ። መጀመሪያ ወደ ታሪኩ እመለሳለሁ፤ ከዚያ የዩጋንዳን፣ የኬንያንና የራሳችንን ሁኔታ አነሣለሁ፤ በመጨረሻ በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሡ የሚችሉትን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ ለመመለስ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ «የድሮው ጥራት» እየተባለ በናፍቆት የሚወሳው ዘመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ናቸው። በ1948 በናይጄሪያ የኢባዳን፣ በዛሬዋ ጋናም የጎልድ ኮስት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጆች ተከፈቱ። በ1922 የሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመው የዩጋንዳው ማኬሬሬም በ1949 እንደ እነርሱ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር በልዩ ውል ተሳሰረ፤ የሦስቱም ምሩቃን የሚቀበሉት የለንደንን ዲግሪ ሆነ። በእኛም አገር በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ጀመረ። ስለዚያ ዘመን ሲነገር ቶሎ የሚጠቀሰው የመግቢያው ጥበትና የፈተናው ክብደት ነው። በሩ ጠባብ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን የለንደኑ አሠራር ውስጡ ሲታይ ከበር ጥበቃ ያለፈ ነገር ነበረው። ጥያቄዎቹን የኮሌጁ መምህራንና የለንደን ባልደረቦቻቸው ተማክረው ያወጣሉ፤ የተማሪው መልስም በሁለቱም ወገን ይነበባል። አንድ መምህር ምን እንዳስተማረ፣ ሌላ አገር ያለ የሙያ ባልደረባው የተማሪውን እጅ ጽሑፍ አይቶ ይፈርዳል ማለት ነው። ተማሪው ደግሞ እዚያው ግቢ አድሮ በትንሽ ቡድን ይወያያል፣ የጻፈው ታርሞ ይመለስለታል። ያን ዘመን እንዳለ መልሱልኝ አልልም፤ ሥርዓተ ትምህርቱ የቅኝ ገዥ ነበር፣ የሚያስተናግደውም እፍኝ የማይሞላ ሰው ነበር። ከእርሱ ልንወርስ የሚገባን ግን የበሩን ጥበት ሳይሆን ያን የማንበብና የማረም ልማድ ነበር። እኛ የወረስነው የበሩን ጥበት ትዝታ ብቻ ነው።

ያ ልማድ እንዴት ጠፋ? የመንግሥታት ካዝና በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ሲራቆት ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች አንዱ ሆኑ። በዚያው ጊዜ የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚወጣ ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲ ከሚወጣው የበለጠ ለኅብረተሰቡ ትርፍ ያስገኛል የሚል ስሌት አቀረቡ፤ ምክሩም ከብድሩ ጋር አብሮ መጣ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2000፣ ባንኩና ዩኔስኮ በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ቡድን ያ ስሌት የከፍተኛ ትምህርትን ጥቅም አሳንሶ እንዳየ በይፋ ጻፈ። እስከዚያ ድረስ ግን የመጻሕፍት ግዢ ቆሟል፣ ቤተ ሙከራው አርጅቷል፣ የመምህሩ ደመወዝ ከገበያው ጋር መራመድ አቅቶታል። ከሁሉ የሚብሰው ጉዳት ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር ሁለተኛ ሥራ ይፈልጋል፤ ሁለተኛ ሥራ የያዘ መምህር የሚቀንሰው ክፍል መግባቱን አይደለም፣ ይህ ይታወቅበታልና። የሚቀንሰው ማንም የማያየውን ነው፦ የተማሪን ጽሑፍ ተቀምጦ ማንበቡን፣ ቢሮው መገኘቱን፣ ትምህርቱን በየዓመቱ ማደሱን።

ለዚህ ከማኬሬሬ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። የዩጋንዳ መንግሥት በጀቱን መሸፈን ሲያቅተው ዩኒቨርሲቲው ከ1992 ጀምሮ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን ተቀበለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 7 ሺሕ ያህል የነበረው የተማሪ ቁጥር ከዐሥር ዓመት በኋላ ከ20 ሺሕ በላይ ሆነ፤ አብዛኞቹም ከፋዮች ነበሩ። በመጀመሪያ ነገሩ በዓለም ዙሪያ እንደ ተአምር ተወራ። የመምህራን ገቢ ተሻሻለ፣ ሕንፃዎች ታደሱ። በኋላ ግን ዩጋንዳዊው ምሁር ማህሙድ ማምዳኒ በ2007 ባሳተሙት ጥናት የውስጡን ገጽ አሳዩ። ገቢው የሚከፋፈለው በየትምህርት ክፍሉ በመሆኑ እያንዳንዱ ክፍል ገበያ የሚስብ ፕሮግራም ማውጣት ጀመረ፤ አንዱ የሌላውን ኮርስ ስሙን ለውጦ አስተማረ፤ የማታውና የቀኑ ክፍል ተደራርቦ መምህሩ ከክፍል ክፍል የሚሮጥ ሰው ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ እዚህ ላይ ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ገንዘብ መጥቶ ነው ትምህርቱ የተጎዳው። የመጣው ገንዘብ ለተጨማሪ የማስተማር ሰዓት ከፈለ፤ ለንባብና ለእርማት ሰዓት ግን አልከፈለም። «ችግሩ በጀት ብቻ ነው» ለሚሉን የማኬሬሬ ታሪክ በቂ መልስ ይመስለኛል።

አሁን በበር ላይ ወደ ተወሰዱት ርምጃዎች ልለፍ። ኬንያ በ2016 በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ላይ ይካሄድ የነበረውን ማጭበርበር በብርቱ ክንድ አስቆመች። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን ሲ ፕላስና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ከ169 ሺሕ በላይ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 89 ሺሕ ገደማ፣ በ2017 ወደ 70 ሺሕ ወረዱ። የመግቢያው በር ታማኝ ሆነ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ላሳንሰው አልፈልግም። ይሁን እንጂ ያለፉት ሁሉ በመንግሥት መደበኛ ቦታ ሊመደቡ ቻሉና በራሳቸው ከፍለው የሚገቡት ተማሪዎች ምንጭ በአንድ ጊዜ ነጠፈ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በ1998 የጀመረውና ሌሎቹም የተከተሉት የከፋዮች ፕሮግራም ያስገባ የነበረው ገንዘብ ሲደርቅ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። በሩን ያጠራው ዘመቻ ውስጡ በምን ገንዘብ ይሠራ እንደነበር አጋለጠ፤ ውስጡን ለመጠገን ግን የራሱ የሆነ መሣሪያ አልነበረውም።

የእኛ አገር ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1991 ዛሬ ኢትዮጵያ በምንለው ወሰን ውስጥ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ሲፈተኑ ከ900 ሺሕ ገደማ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ3 በመቶ ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። ካላለፉት የተወሰኑት በማካካሻ (ሪሚዲያል) ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመደቡ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስኮች ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ሆኑ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጡት ከ60 በመቶ በላይ ሲያልፉ ከግል ተቋማት የመጡት 20 በመቶ አልሞሉም። እነዚህ ቁጥሮች የሚያስደነግጡ ናቸው፤ ከመታወቃቸው መሸሸግ ይሻላል የሚል ካለ አልስማማም። ግን የመውጫው ፈተና መቶ የምርጫ ጥያቄ ነው። የሕግ ተመራቂዋ አቤቱታ መጻፍ ትችል እንደሆነ፣ የሲቪል መሐንዲሱ የድልድይ ዲዛይን ሠርቶ ማስረዳት ይችል እንደሆነ፣ አዋላጅ ነርሷ በምጥ ላይ ያለች እናትን አይታ ምን እንደምትወስን አይጠይቅም። ከዚያም በላይ የሚናገረው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ፈተናው ሲደርስ በየዩኒቨርሲቲው የመጨረሻው ሴሚስተር በሞዴል ፈተናና በማጠቃለያ ሃንድአውት ይሞላል፤ ማለትም በሩ ላይ የተሰቀለው መለኪያ ወደ ውስጥ ዘልቆ ትምህርቱን በራሱ አምሳል ይሠራዋል።

በመካከል ያለው ሥራ ምን እንደሆነ ሳላብራራ ብዙ ተጓዝሁ። ተማሪ አእምሮው የሚሠራው ያልተጻፈ ነገር ሲጽፍ፣ ያልተፈታ ችግር ሲፈታ፣ ከዚያም ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አንብቦ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል፣ ምክንያቱም…» ሲለው ነው። ሌክቸር ይህን አይተካም፤ ሃንድአውትማ ጭራሽ። እስቲ ስሌቱን እንሥራ። አንድ መምህር በሴሚስተሩ ሦስት ክፍል ይዟል፣ በእያንዳንዱ ስልሳ ተማሪ አለ እንበል፤ አንድ መቶ ሰማንያ ተማሪ ማለት ነው። የአንዱን ጽሑፍ በሩብ ሰዓት ቢያነብ አንድ ዙር እርማት አርባ አምስት ሰዓት ይፈጃል። በየሳምንቱ ማጻፍ እንግዲህ የማይሞከር ነው። በየአራት ሳምንቱ ቢሆን ግን በሳምንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ይደርሳል፤ ይህ ለአንድ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ከባድ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም። የማይቻል የሚያደርገው መምህሩ ማታ ሌላ ኮሌጅ ሲያስተምር፣ ቀን በስድስት ኮሚቴ ሲቀመጥ፣ ተማሪውም በሴሚስተር ሰባትና ስምንት ኮርስ ሲጫንበት ነው። አሁን ያለው ማምለጫ የቡድን አሳይመንት ሆኗል፦ ስምንት ስም ያለበት፣ አንድ ሰው የጻፈው ወይም ማንም ያልጻፈው ወረቀት። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ጥሩ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የወደቀው፤ ቁጥር ብቻ ተከታታይ ሆነ እንጂ ንባቡ አልቀጠለም።

እንግዲህ ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው ከመምህራን ራሳቸው ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማው ነው፦ «ተማሪው ሳይዘጋጅ ነው የሚመጣልን፤ እንግሊዝኛ አይችልም፣ ሒሳብ አያውቅም፤ ከታች የተበላሸውን እኛ ከየት እናምጣው?» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ የደቡብ አፍሪካ ማስረጃ ጠቃሚ ነው። የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት በ2013 ባወጣው ሰነድ በመደበኛ ክፍል ከሚማሩት ውስጥ በተመደበላቸው ዓመት የሚመረቁት ከአራት አንድ ያህል ብቻ እንደሆኑ አሳየ። ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ደግሞ ከወጣቱ ጥቂቱ፣ በጥንቃቄ የተመረጡት ናቸው። ምክር ቤቱ ከዚህ ተነሥቶ ያቀረበው መከራከሪያ የሚገርም ነው፦ ከተመረጡት መካከል አብዛኞቹ የሚሰናከሉ ከሆነ ችግሩ የጥቂት ደካሞች ሳይሆን የሥርዓተ ትምህርቱ አነሣስ ነው፤ መርሐ ግብሩ የሚጀምረው ተማሪው ከሌለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ዲግሪው አንድ ዓመት ይጨመርበትና መሠረቱ በውስጡ ይጣል አለ። መንግሥት ሐሳቡን አልተቀበለውም፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ተማሪው የሚመጣው ከዚያው አገር፣ ከዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላ ተማሪ የለንም። ባለው ተማሪ ልክ ያልተሠራ የመጀመሪያ ዓመት የተማሪው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ጉድለት ነው። የእኛ ሪሚዲያል በዚህ ረገድ ቀና ሐሳብ አለው፤ ድክመቱ ከዲግሪው ውጭ እንደ ማቆያ መቀመጡና በራሱ የማለፊያ ፈተና ማብቃቱ፣ ማለትም ሌላ በር መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቁጥሩ ይቀነስ» የሚለው ነው። ጥራት የወደቀው ስለተስፋፋን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እንደ ድሮው ለጥቂቶች ይሁን የሚሉ አሉ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከእድሜው ወጣት ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚገባው 9 በመቶ ገደማ ነው፤ የዓለም አማካይ ከ40 በመቶ በላይ ሆኗል። ከዚህ በታች መውረድ ማለት ሐኪምና መምህር፣ መሐንዲስና የሒሳብ ሠራተኛ የማግኘት ተስፋችንን ማጥበብ ነው። የማስፋፋቱ ፍጥነት ከመምህር አፈራ ጋር አለመመጣጠኑን ግን እቀበላለሁ፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ ያላለፈ ረዳት ሌላውን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እንዲያስተምር የተደረገበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን የተጣደፈው ሕንፃው እንጂ ተማሪው አልነበረም። በተማሪ ቁጥር ላይ ጣት መቀሰር የሚቀለው ተማሪ ስለማይከራከር ይመስለኛል።

ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው። በትናንሽ ቡድን ማስተማር የሀብታም አገር ወግ ነው ይላሉ፤ የኬፕታውኑን የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ስጠቅስም «እርሱማ ልዩ ነው» ይሉኛል። ልዩ መሆኑ እውነት ነው። ከ2003 ጀምሮ ከመላ አህጉሩ የመጡ ተማሪዎች ከመምህራንና ከአስጠኚዎቻቸው ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ እየኖሩ፣ አንድ ማዕድ እየበሉ የሚማሩበት ቤት ነው፤ ብዙ ለጋሽ አለው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ይሁን የሚል ሰው ቀልደኛ ነው። ግን ከዚያ ቤት የሚወሰድ አንድ ርካሽ ነገር አለ፤ እርሱም አስጠኚው ነው። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲያችን አሉ፤ በአነስተኛ ክፍያ ሃያ ሃያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይዘው ልምምድ ቢያሠሩና ቢያርሙ የእነርሱም እውቀት ይጠናል። በእርግጥ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለው ተረት ለኬሚስትሪ አይሠራም፤ ኬሚካልና ጋዝ የሌለበትን ቤተ ሙከራ ቁርጠኝነት አያንቀሳቅሰውም፤ እዚያ ላይ ገንዘብ ገንዘብ ነው። ለንባብና ለእርማት ግን የሚያስፈልገው ዋና ነገር የመምህሩ ሰዓት ነው፤ እርሱንም ዛሬ የምናውለው ለስብሰባና ለሪፖርት ነው። አንድ ዓይነት ይዘት ያላቸውን ኮርሶች አዋሕዶ የሴሚስተሩን ጭነት ከስምንት ወደ አምስት ማውረድ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የኮርሱን ባለቤቶች ማስቆጣትን ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ ይከብዳል።

የመጨረሻውና ጠንካራው ተቃውሞ እምነትን የሚመለከት ነው። «መምህሩ ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ ግሬድ ሲሰጥ አየነው፤ ሁሉም ኤ አገኘ፤ ዘመድና ጉቦ ገባበት። ማሽን የሚያርመው አገር አቀፍ ፈተና ቢያንስ አያዳላም» ይላሉ። ይህን ክርክር አከብራለሁ። የመውጫው ፈተና ይቅር ያላልሁትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ፈተናው እንዲጠቅም ከተፈለገ ውጤቱ «አለፈ፣ ወደቀ» በሚል ማስታወቂያ ማለቅ የለበትም፤ የየትኛው ኮርስ ጥያቄ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ በብዛት እንደተሳተ ተተንትኖ ለየትምህርት ክፍሉ ይመለስ፤ የትምህርት ክፍሉም በቀጣዩ ዓመት ምን እንዳስተካከለ ይጠየቅ። እምነቱን የሚመልሰው ግን ማሽኑ ሳይሆን ሌላ አንባቢ ነው። የውጭ ፈታኝ ዛሬም በማስተርስና በዶክትሬት ጽሑፍ ላይ አለ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ግን ከስም ያለፈ ቦታ የለውም። የጅማ መምህር የሐዋሳን፣ የሐዋሳው የመቐለን፣ የመቐለው የባሕር ዳርን ተማሪዎች የታረመ ወረቀት በየዓመቱ ናሙና ወስዶ ቢያነብ ግሬድ ማደልም ሆነ መንፈግ የሚያሳፍር ይሆናል። ለንደን ሄዶ መምጣት አያስፈልግም፤ ለአነስተኛ መስኮች ደግሞ ናይሮቢና ካምፓላ ቅርብ ናቸው።

የጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። በአፍሪካ ዛሬ አብዛኛው አገር እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አለው፤ የናይጄሪያው የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ከ1962 ጀምሮ ያለ ነው፣ የእኛ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ተቋቋመ። ቡድኑ ለኦዲት ሲመጣ የሚቀርብለት የራስ ግምገማ ሰነድ፣ የመምህራን ዲግሪ ዝርዝር፣ የመጽሐፍና የኮምፒውተር ቆጠራ፣ የክፍሎች ስፋት ነው። ዩኒቨርሲቲውም ለዚያ ሳምንት ይቀባል፣ ይጠርጋል፣ ፋይል ያደራጃል። የኬንያ ተቆጣጣሪ በ2014 መምህር ለመሆን ዶክትሬት ግዴታ እንዲሆን ያወጣው መመሪያም ከዚሁ ወገን ነው፤ የወረቀቱን ቁጥር እንጂ ወረቀቱን የያዘው ሰው ከተማሪው ጋር የሚያሳልፈውን ሰዓት አያይም። የደረጃ እድገታችንም እንደዚሁ ነው፤ የታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል፣ ማስተማር «አጥጋቢ» ተብሎ ይታለፋል፤ እንግዲህ ወጣቱ ምሁር ገንዘብ ከፍሎ በማንም መጽሔት ማሳተምን ቢመርጥ ልንደነቅ አይገባም። ለኦዲት የሚሄደው ቡድን ከሰነዱ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ እመርጣለሁ፦ ከሁለተኛ ዓመት መዝገብ ላይ በዕጣ ሃያ ተማሪዎችን ያውጣ፣ እነዚያ ተማሪዎች ባለፈው ሴሚስተር ለብቻቸው ጽፈው የታረመላቸውን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያስመጣና ተቀምጦ ያንብብ። ወረቀቱ ከሌለ ሰነዱን መክፈት አያስፈልገውም።